ሊቀ ምክንያት አያ ደምሌና የቅዳሜዋ ዋይፋይ

በዚህ አገር "አላውቅም" የምትለዋ ቃል ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሰውየው ሐኪም አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ግን ሟቹ በምን እንደሞተ የሚያስረዳው እሱ ነው። መካኒክም አይደለም፤ የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ሲዘገይ ግን ከመናኸሪያው አግዳሚ ሳይነሳ ጎማው የት ላይ እንደፈነዳና ሾፌሩ ማታ ከማን ጋር ሲጣላ እንዳመሸ ይነግራችኋል። አውቶቡሱ አራት ደህና ጎማ ይዞ ቢደርስስ? "መንገድ ላይ ቀይሮት ነዋ!" ይላል፤ ይቀመጣል።

ካላመናችሁኝ ወገዳ ከተማ ሂዱ፤ አለ። አርብ ገበያ ከተማ ውረዱ፤ ገበያው ሲሞቅ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጨው ለምን እንደተወደደ ለጨው ነጋዴው የሚያስረዳው እሱ ነው። ለእኛ ለእስቴ መካነ ኢየሱሶች ግን የሁሉም አለቃ ነው የደረሰን። ስማቸው አያ ደምሌ ይባላል። እኔ በልቤ "ሊቀ ምክንያት ደምሌ" እላቸዋለሁ፤ ሊቀ ጠበብት፣ ሊቀ ካህናት እንደሚባለው። የሾምኳቸው እኔው ነኝ፤ እሳቸው አልሰሙም። ቢሰሙ ኖሮ ለምን እንደሾምኳቸው ምክንያቱን በነገሩኝ ነበር።

ሊቀ ምክንያት አከራዬ ናቸው። "ምክንያቱን ልንገርህ" ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ጋቢያቸውን አንዴ ወደ ትከሻቸው ወርወር ያደርጋሉ። ያቺ ጋቢ ከተወረወረች በኋላ ማንም ሰው ቤቱ በሰዓቱ ገብቶ አያውቅም።

የባለቤታቸው የእትዬ አልጣሽ ዶሮ እንቁላል መጣል ያቆመች ጊዜ ምክንያቱ የጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ ነበር። "ነጸብራቁ ዓይኗን መትቷት ነው" አሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዶሮዋ ከአጥሩ ሥር ጫጩቶቿን አስከትላ ብቅ አለች፤ ለካ ተደብቃ ታቅፋ ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍራል። አያ ደምሌ ግን ጋቢያቸውን ወርወር አደረጉና፣ "አየህ መምህር! ከነጸብራቁ ሸሽታ ነው እዚያ የገባችው" አሉኝ።

እኔንም አልማሩኝም። ቤታቸውን የተከራየሁ ሰሞን፣ ከሚስቴ ጋር መለያየቴን በሰሙ ማግስት ክፍሌን አንኳኩ። ገብተው አልጋዬን ቆመው እያዩ ቆዩ።

"ምክንያቱን ልንገርህ፤ ራስጌህ ወደ በሩ ነው። በር ለበር ተኝታችሁ ትዳር ከየት ይመጣል?"

"አያ ደምሌ፣ እኛ የተለያየነው ባሕር ዳር እያለን ነው። ያኔ ሌላ አልጋ ነበረን።"

"የዚያኛው ራስጌስ ወዴት ነበር?"

አላስታወስኩም።

"ይኸውልህ!" ብለው አልጋውን በአንድ ወገን ያዙ። ምን ላድርግ፣ እኔም በሌላው ወገን ያዝኩ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጄ ፍሬሕይወት ባሕር ዳር ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስልክ ስደውልላት "ደህና ነኝ"፣ "እሺ"፣ "ቻው" ነው የማገኘው፤ ሌላ ነገር በጉጠት አይወጣም። የእናቷ ወንድም አድማሱ ቤት ግን ኮምፒውተር አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ያህል የኮምፒውተሩ እመቤት እሷ ናት፤ የኳስ ጌም ትጫወታለች። ይህን ስሰማ ያለችኝን አራግፌ የጌም ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ሆዱ እንደ ሣጥን የሰፋ፣ ፋኑ ሲዞር ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚተፋ። መምህራን ክፍል ውስጥ "በዚህ ዕድሜህ?" ያላለኝ የለም። ይበሉ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጄ ከባሕር ዳር፣ እኔ ከእስቴ ሆነን አንድ ሜዳ ላይ እንገናኛለን። ያቺ ስልክ ላይ ድምፅ የሌላት ልጅ ኳስ ስታንከባልል አፏ ይፈታል። ስለተነቀለች ጥርሷ፣ ስለምትጠላት የሒሳብ መምህርት፣ ከጓደኛዋ ጋር ስለተኳረፈችበት እርሳስ ሳልጠይቃት ታወራልኛለች። ጎል ስታገባብኝ ደግሞ የምትስቀው ሳቅ! ለዚያች ሳቅ ስል በሳምንት አምስት ስድስት ጎል ይገባብኛል። አውቄ የምለቅላት እንዳይመስላችሁ፤ አቅሜ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምኖረው ለዚያች ሰዓት ነው፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የአያ ደምሌ ቤት የቆየ የመደበኛ ስልክ መስመር ስላለው ኢንተርኔቱ የገባው በእሳቸው ሳሎን ነው። ሞደሟ ሳሎን ናት፣ እኔ ከጓሮ በኩል ያለው ክፍል ነኝ፣ በመሃላችን አንድ ክፍል አለ። መስከረም ላይ ሲገባ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ጥቅምትም ኅዳርም ደህና ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ጉድ ፈላ።

ኳሷን ይዤ ስሮጥ ተጫዋቼ እግሩን እንዳነሳ ይደርቃል። ከስክሪኑ መሃል አንዲት ክብ ትዞራለች። እኔ ትንፋሼን ይዤ አያታለሁ፤ እሷ ትዞራለች። አንዳንዴ ይመለሳል፤ ሲመለስ ጎል ገብቶብኛል። ብዙውን ጊዜ ግን ጨዋታው ይፈርሳል፣ የልጄም ድምፅ ከወሬዋ መሃል ይቆረጣል። "ከዚያ ቲቸሯ ምን አለችኝ መሰለህ..." ብላ ትጠፋለች። መምህርቷ ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንደ ተማረ ሰው ጀመርኩት። ሞደሟን አጥፍቼ አበራሁ። ቻናሏን ቀየርኩ። ኮምፒውተሩ ኃይል ልቆጥብ ብሎ ዋይፋዩን እንዳያስተኛው የሚከለክለውን ቦታ ፈልጌ ዘጋሁት። ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አውርጄ እንደገና ጫንኩ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀችውን አንቴና ወደ ፊት አወጣኋት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጥቁሯን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ የላክሁት መልእክት በስንት ጊዜ እንደሚመለስልኝ ቁጭ ብዬ እመለከታለሁ። ይመለሳል፣ ይመለሳል፣ ይመለሳል፤ "ተመስገን" ስል ይቀራል።

የስልክ ባለሙያም ለመንኩ፤ መጣ፣ ሳሎን ቆሞ በራሱ ስልክ ሞከረው፣ "መስመሩ ደህና ነው" ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው፤ ሳሎን ደህና ነው።

የባለሙያው እግር ከግቢው ከመውጣቱ ጋቢዋ ተወረወረች።

"ምክንያቱን ልንገርህ" አሉ አያ ደምሌ። "ጾም ነው።"

"ጾም?"

"የነቢያት ጾም። የሰዉ አፍ ሥራ ፈትቷል። አፉ ሥራ የፈታ ሰው ምን ያደርጋል? ስልክ ላይ ይወጣል። መስመሩ ሰው በዝቶበት ነው።"

ጾሙ ተፈታ፤ መስመሩ ግን አልተፈታም። ገና ዋለ፣ አለፈ። "አሁን ደግሞ ሰዉ ጠግቦ ለዘመድ አዝማዱ እየደወለ ነው" አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጥፋተኛዋ ሞደሟ ሆነች። ፊቷ ወደ ወገዳ አቅጣጫ ዞሮ አገኟት። "መስመሩ የሚመጣው ከደብረ ታቦር፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ! ለሚመጣ እንግዳ ጀርባ ይሰጣል እንዴ መምህር?" አሉ። መዶሻ አምጥተው ፊቷን ወደ ደብረ ታቦር አድርገው ግድግዳው ላይ ቸነከሯት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሊያነቃንቃት አልቻለም።

ከዚያ ደግሞ የጎረቤታችን የአቶ ክንዱ ባሕር ዛፍ ተራ ደረሰ፤ ሲወዛወዝ ኔትወርኩን እንደ መጥረጊያ ወደ ሰማይ ይጠርገዋል ተባለ። አቶ ክንዱ የዋህ ሰው ናቸው፤ አያ ደምሌ አጥር ላይ ቆመው ሲያስረዷቸው ውለው ቅርንጫፍ አስቆረጧቸው። ኔትወርኩ ያው ነው። ቅርንጫፉ ግን እትዬ አልጣሽ ማድቤት ውስጥ ደህና አድርጎ ነደደ።

በመጨረሻ ዓይናቸው ኮምፒውተሬ ላይ አረፈ። ቀይና ሰማያዊውን መብራት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ ሁሉ መብራት ሲነድ የሚበላው ምን ይመስልሃል? ኢንተርኔቱን ነው የሚበላው።" አንድ ቅዳሜ፣ ልክ ጨዋታ መሃል፣ ለሽንት ወጥቼ ስመለስ ኮምፒውተሩ ጋቢ ለብሶ አገኘሁት። መብራቱ እንዳይባክን ነው። ጋቢውን ከመግፈፌ በፊት ግሎ ጠፋ።

አያ ደምሌ ጎኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "አየህ! ትኩሳት ነበረው ማለት ነው" አሉ። "እኔ ባላለብሰው ኖሮ እኮ አይታወቅም ነበር።"

አምላኬ ሆይ ደከመኝ። ሰው በኢንተርኔት ይደክማል፤ በሰውም ይደክማል፤ በሁለቱ በአንድ ቀን መድከም ግን የእኔ ዕጣ ነው። ግድግዳውን በስተን ገመድ እናስገባ ስላቸው "ቀዳዳ ለአይጥ ነው" አሉኝ። እሺ ብዬ ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ ረጅም የኔትወርክ ገመድ ገዛሁ፤ ከሳሎን መስኮት አውጥቼ በጣሪያው ክፈፍ ሥር አዙሬ ክፍሌ አስገባሁት። አንድ ቅዳሜ ሠራ። አንዲት ቅዳሜ! ልጄ ሳትቆራረጥ አወራችልኝ፤ ሰባት ጎል ገባብኝ፤ በደስታ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ አልጣሽ ያጠቡትን ድርብ ጋቢ ገመዱ ላይ አስጥተውታል። ውሃ የጠጣ ጋቢ ክብደቱን ታውቁታላችሁ። የገመዱ ጫፍ ከነመሰኪያው ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል፤ የሚጠግነው ሰው ደግሞ በከተማው የለም።

"ደግ ነገር ሠራህልኝ ልጄ፤ ማስጫ ስፈልግ ነበር" አሉኝ። ምን ይባላል? "ምንም አይደለም እትዬ" አልኩ።

የካቲት ላይ አድማሱ ደወለልኝ። ክፉ ሰው አይደለም አድማሱ፤ ድምፁ ግን ያፈረ ይመስል ነበር።

"ስማ" አለኝ፤ "ልጅቷ ቅዳሜዋን ሁሉ ክብ ስትዞር እያየች ነው የምታሳልፈው። አንተ ትጠፋለህ፤ እሷ ደግሞ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቅሃለች። እናቷ ቅዳሜ ከሰዓት እንግሊዝኛ ማስጠኛ ልታስገባት ነው። ይሄኛው ቅዳሜ ከሠራላችሁ እሰየው። ካልሆነ ግን ይቅርባት፤ አታስጠብቃት።"

"እሺ" አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ጥቁሩን ስክሪን እያየሁ ተቀመጥኩ። ቅዳሜዋ ከሄደች ልጄ ለእኔ "ደህና ነኝ፣ እሺ፣ ቻው" ብቻ ልትሆን ነው።

ዓርብ ከሰዓት ስልኬ ላይ የዋይፋዩን ምልክት ከፍቼ በቤቱ ውስጥ መዞር ያዝኩ፤ እንደ ጠበል ረጪ ከጥግ ጥግ። ሳሎን ሙሉ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሙሉ ነው። ክፍሌ በር ላይ ይሞታል። ይህን ሳደርግ እትዬ አልጣሽ ለቆሎ ገብስ ሊቀዱ የመሃሉን ክፍል ከፈቱ።

"ና እስቲ ይቺን ጆንያ ሳብልኝ" አሉኝ።

ገባሁ። ከገባሁ ቀን ጀምሮ ያንን ክፍል አላየሁትም ነበር። መስከረም ላይ ዕቃ ስናስገባ ባዶ ስለነበር ድምፃችን ያስተጋባ ነበር። አሁን ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ገብስ ነው። አያ ደምሌ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ የሰጡ ናቸው፤ ድርሻቸው ታኅሣሥ ላይ ከአውድማው ተጭኖ ሲገባ እኔ ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ነበርኩ። ጆንያውን ሳብኩላቸው። ስልኬን አየሁ፤ ከጆንያዎቹ ወዲህ ምልክቱ ሙሉ ነው። በጎን በቀረችው ጠባብ ክፍተት ሾልኬ ከኋላቸው፣ ከእኔ ክፍል ግድግዳ ጋር ተጣበቅሁ፤ ጠፋ። ተመለስኩ፤ መጣ። እንደገና ገባሁ፤ ጠፋ።

"ምን ሆንክ ልጄ? አይጥ አየህ?" አሉኝ እትዬ አልጣሽ።

ፊዚክስ የማስተምር ሰውዬ፣ እርጥበቱን ያልጨረሰ እህል በጣሪያ ልክ ሲቆለል ሞገድ እንደሚውጥ ማን ሊነግረኝ ነው? ሦስት ወር ሙሉ ከድራይቨር ጋር የታገልኩት፣ ባሕር ዛፍ የተቆረጠው፣ ኮምፒውተር ጋቢ የለበሰው በገብስ ምክንያት ነው።

አያ ደምሌ ማታ እራታቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ፊታቸው ቆምኩ።

"አያ ደምሌ፣ ምክንያቱን አገኘሁት።"

እጃቸው መሶቡ ላይ እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ፤ በሥራቸው የገባሁባቸው ያህል ነው አስተያየታቸው። "የቱን ምክንያት?"

"የኔትወርኩን። ገብሱ ነው።"

"ገብሱ ምን ሆነ?"

"ኔትወርኩን የሚጋርደው ገብሱ ነው።"

"እህል?"

"እህል።"

"እግዚአብሔር የሰጠኝ እህል?"

"አዎ አያ ደምሌ።"

"ተው መምህር! ተው!" ጋቢዋ በሁለቱም ትከሻ ተወረወረች። "እህል ይበላል፣ ይጠጣል፣ ዘር ይሆናል። መንገድ የሚዘጋ እህል ከየት አመጣህ? ምክንያቱን ልንገርህ፤ የባሕር ዳሮቹ ነው። ሐይቅ አላቸው። ሐይቅ ያለበት አገር መስመሩ ይረጥባል።"

"ለነገ ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ጆንያውን ወደዚህ ብናዞረው..."

"እኔ እኮ አይጥ እንዳያገኘው አስቤ ነው የደረደርኩት! አንዱን ከነካህ ሁሉም ይናዳል።"

"አንተ ሰውዬ" አሉ እትዬ አልጣሽ፤ "ይሄ ልጅስ በዕድሜው አንድ ቀን ምክንያት ቢናገር ምን አለበት? ሁሉን አንተ ብቻ?"

አያ ደምሌ ተቀየሙ። እጃቸውን ታጠቡና ሳይጎርሱ ተነሥተው ወደ መኝታቸው ገቡ። ክፉኛ ደነገጥኩ፤ እህላቸውን ማማት አልነበረም አሳቤ።

"ተወው፣ ጠዋት ይረሳዋል" አሉኝ እትዬ አልጣሽ። "አንተ ደግሞ ያንን ዕቃህን ነገ ተሸክመህ እዚህ ሳሎን አምጣና ተጫወት። ማን ከለከለህ?"

ማንም አልከለከለኝም። አላሰብኩትም ብቻ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ኮምፒውተሩን፣ ስክሪኑንና ገመዱን ሁሉ ተሸክሜ ሳሎን ገባሁ። አያ ደምሌ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ መለሱ። የጆሮ ማዳመጫዬን ክፍሌ ረስቼው ስለመጣሁ ድምፁን በስፒከር ለቀቅሁት። ይሄኛው ከተቆረጠ ሌላ ቅዳሜ የለም።

"አባዬ!" አለ ሳሎኑ በሙሉ።

"እሰይ የኔ ልጅ!" አሉ እትዬ አልጣሽ ከጓዳ።

"እትዬ አልጣሽ ናቸው?" አለች ልጄ።

ልጄ እትዬ አልጣሽን ከየት ታውቃቸዋለች? ልጠይቃት ስል ጨዋታው ተጀመረ። ወዲያው ጎል ገባብኝ፤ ሳቀች። ስለ አዲሷ ጓደኛዋ አወራችልኝ። ሌላ ጎል ገባ። ክቧ አልመጣችም። የላክሁት ሁሉ ይደርሳል፣ የላከችው ሁሉ ይመጣል። የመጀመሪያው አጋማሽ አንዴም ሳይደነቃቀፍ አለቀ፤ እኔም ወንበሬን ደገፍ አልኩ።

ልጄ ግን ዝም አለች።

"ፍሬ? አለሽ?"

"አለሁ። አባዬ፣ ዛሬ አይቋረጥም እንዴ?"

"አይቋረጥም የኔ ልጅ! ምክንያቱን አገኘሁት። ከእንግዲህ አይቋረጥም።"

"እንዲያ ነው?" አለች፤ ድምፏ ቀዝቀዝ ብሏል። "ታዲያ አያ ደምሌ አይደውሉልኝም ማለት ነው?"

ዞር ብዬ አያ ደምሌን አየኋቸው። ሊቀ ምክንያት ኮርኒሱን ትኩር ብለው ያያሉ። ኮርኒሱ ላይ ምንም የለም።

"አንተ ከዕቃው ጋር ስትታገል እሱ ጓሮ ይወጣል" አሉ እትዬ አልጣሽ ከጓዳ ብቅ ብለው። "ኅዳር ላይ ስልክህ ባትሪ ጨርሶ በእሱ ስልክ የደወልክላት ቀን የእሷ ቁጥር ስልኩ ላይ ቀርቶለት ነው። በተቋረጠ ቁጥር ይደውልላታል። 'አባትሽ ጥሎሽ አልሄደም፤ እዚሁ ነው፤ መስመሩ የጠፋበት ምክንያት እንዲህ ነው' ይላታል። ቆመው ያወራሉ፣ ያወራሉ፤ እኔን እንኳ ያገናኘኛል። 'እንዳትነግሪው' ያለኝም እሱ ነው።"

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አሉ አያ ደምሌ፤ ዓይናቸው ከኮርኒሱ አልወረደም። "ልጅ ናት። ምክንያቱ ካልተነገራት ክፉ ክፉውን ነው የምታስበው።"

"ሁሉንም አውቀዋለሁ እኮ!" አለች ልጄ ከስፒከሩ። "ጾሙን፣ የአቶ ክንዱን ባሕር ዛፍ፣ ጋቢውን! ለክፍሌ ልጆች ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። እማዬ እንግሊዝኛ ቅዳሜ ነው ስትለኝ ቅዳሜዬን አልሰጥም ብያታለሁ። እሑድ አድርጊልኝ ብዬ አለቀስኩ፤ ትናንት እሺ አለችኝ።"

እኔ እዚያች ክፍል ውስጥ ከክብ ጋር ተፋጥጬ "ልጄ ትታኝ ልትሄድ ነው" ስል፣ ልጄ ጓሮ ቆሞ ከሚያወራ አንድ ሽማግሌ ጋር ስትሳሳቅ ኖራለች። ለእኔ "እሺ"ና "ቻው" የቀረባት ልጅ ለእሳቸው ጥያቄ አላት፣ ክርክር አላት። ቀናሁባቸው፤ እውነቱን ልናገር፣ ክፉኛ ቀናሁባቸው። ቅናቱ ሳይበርድልኝ ደግሞ ተነሥቼ እግራቸው ላይ ልደፋ ቃጣኝ። ያለ እሳቸው ያቺን ወንበር ትታ የምትሄደው ገና ድሮ ነበር።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ኳሷ እኔ ጋ ናት። ልጄ ግን ኳሷን ለመቀማት አትሮጥም፤ አሁንም የሚቀርባትን የአያ ደምሌን ስልክ ታስባለች መሰለኝ።

ተነሣሁ። ግድግዳው ላይ ወደ ተቸነከረችው ሞደም ሄጄ ሶኬቷን ነቀልኩት።

ተጫዋቼ ደረቀ፤ ክቧ መዞር ጀመረች። እትዬ አልጣሽ "ውይ!" አሉ። አያ ደምሌ ሶኬቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሰማያዊ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ጋቢያቸውን ወርወር አደረጉ።

"አሎ፣ ፍሬ። አዎ፣ ተቋረጠ... አይ፣ ዛሬስ ነፋስም አይደለም። ዛሬ የነቀለው አባትሽ ነው። በእጁ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት... ምክንያቱን ልንገርሽ። ናፍቀሽው ነው። ኳሱን ትቶ ከአንቺ ጋር ማውራት ብቻ አምሮት ነው። አፍሮ ነው እንጂ ሊነግርሽ ሲፈልግ ቆይቷል። ቆይ፣ ይኸው።"

ስልኩን ዘረጉልኝ። ተቀበልኳቸው፤ ጆሮዬ ላይ ይሞቃል።

"አባዬ?" አለችኝ ልጄ። "አያ ደምሌ ያሉት እውነት ነው?"

"እውነት ነው የኔ ልጅ" አልኳት። "አያ ደምሌ መቼ ተሳስተው ያውቃሉ!"